ተፎካካሪው በአንዲት ጠቅታ ርቀት ላይ አይደለም፦ ስለ ፍለጋ ሞተሮች ፉክክር ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

በፍለጋ ሞተሮች ገበያ ጤናማ ፉክክር አለ፣ ጉግል አንደኛ የሆነውም ከሌሎቹ ስለሚሻል ብቻ ነው የሚል ጽሑፍ ሰሞኑን አነበብኩ። ጽሑፉ በጥሩ ቋንቋ የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊውም ማስረጃ ለማቅረብ ደክመዋል። ዝም ብዬ ማለፍ ያልፈለግሁትም በዚሁ ምክንያት ነው። ክርክራቸው ባጭሩ ሲቀመጥ እንዲህ ነው። ተጠቃሚ ያልወደደውን የፍለጋ ሞተር በአንዲት ጠቅታ ሊቀይር ይችላል። ጉግል በስልኮችና በብራውዘሮች ላይ ቀድሞ ተቀምጦ መገኘቱ ለውጥ አያመጣም። አልታቪስታና ያሁ እንደ ወደቁ ሁሉ ጉግልም የሚበልጠው ሲመጣ ይወድቃል። አገልግሎቱ ነጻ ስለሆነ የተጎዳ የለም። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ደግሞ ገበያውን ከሥሩ ቀይሮታል። ቻይና፣ ሩሲያና ደቡብ ኮሪያ የየራሳቸው የፍለጋ ሞተር ስላላቸው ስለ ሞኖፖሊ ማውራት ስሕተት ነው። ከዚህ ሁሉ ተነሥተው መንግሥታትና ፍርድ ቤቶች እጃቸውን እንዲሰበስቡ ይመክራሉ።

እኔ የምለው ሌላ ነው። የፍለጋ ሞተር በኮምፒውተርና በጎበዝ መሐንዲሶች ብቻ አይሠራም፤ በሰዎች ጥያቄም ይሠራል። ጥያቄው የሚገባበትን በር የያዘ ኩባንያ፣ ነገ ከዛሬ የተሻለ ለመሆን የሚያስፈልገውን ጥሬ ዕቃም አብሮ ይዟል። በሩ በገንዘብ እስከተያዘ ድረስ «የተሻለው ያሸንፋል» የሚለው አባባል ማን የተሻለ የመሆን ዕድል እንዳገኘ አይነግረንም። የጸሐፊውን ነጥቦች አንድ በአንድ የማያቸው ከዚህ አንጻር ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አልታቪስታና ያሁ እንዴት ወደቁ?

ጸሐፊው ታሪክ ማንሣታቸው መልካም ነው። አልታቪስታ በዲሴምበር 1995 ዲጂታል ኢኩዊፕመንት በተባለው የኮምፒውተር ኩባንያ ሲከፈት በፍጥነቱና በማውጫው (ማለትም ሰብስቦ በመዘገባቸው ገጾች ዝርዝር) ስፋት የሚስተካከለው አልነበረም። ላይኮስ፣ ኤክሳይት፣ ኢንፎሲክና ዌብክራውለርም የዚያው ዘመን ሰዎች የሚያውቋቸው ስሞች ናቸው። ላሪ ፔጅና ሰርጌይ ብሪን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳሉ ያመጡት ሐሳብ እነዚህን ሁሉ ወደ ኋላ አስቀራቸው። የአንድን ገጽ ተፈላጊነት በውስጡ ባሉት ቃላት ብቻ ከመመዘን ይልቅ፣ ሌሎች ገጾች ወደ እርሱ የሚጠቁሙበትን ሊንክ እንደ ምስክርነት ቆጠሩት፤ የመስካሪውም ክብደት እንደ ራሱ ተሰሚነት እንዲለያይ አደረጉ። ኩባንያው በ1998 ሲቋቋም ጉግል በእርግጥ ከሁሉም የተሻለ ነበር። ይህን የሚክድ ቢመጣ ከጸሐፊው ጎን ቆሜ እከራከረዋለሁ።

ችግሩ ጸሐፊው ታሪኩን እዚህ ላይ ማቋረጣቸው ነው። ጉግል ከጥቂት የኮምፒውተር ወዳጆች አልፎ ወደ ሰፊው ሕዝብ የደረሰው በምን መንገድ ነበር? በ2000 ያሁ በራሱ ገጽ ላይ ለሚፈልጉ ሰዎች ውጤት እንዲያቀርብ ጉግልን መረጠ። በ2002 ደግሞ በዚያን ጊዜ በአሜሪካ ገናና የነበረው የኢንተርኔት አገልግሎት ሰጪ ኤኦኤል ያንኑ አደረገ። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ጉግልን የተጠቀሙት ፈልገው ሄደው ሳይሆን፣ ቀድሞ በለመዱት ገጽ ላይ ተዘጋጅቶ ስላገኙት ነው። ያሁ ነገሩ የገባው ዘግይቶ ነው። የፍለጋ ኩባንያውን ኢንክቶሚን ገዛ፤ በ2003 የፍለጋ ማስታወቂያ ኩባንያውን ኦቨርቸርን በ1.63 ቢሊዮን ዶላር ጠቀለለ፤ ከኦቨርቸርም ጋር ያው አልታቪስታ አብሮ መጣ። በ2004 ከጉግል ተለይቶ በራሱ ሞተር መሥራት ጀመረ። አልዘለቀበትም፤ በ2009 ፍለጋውን ለማይክሮሶፍት የሚያስረክብ የ10 ዓመት ውል ተፈራረመ። እንግዲህ ጸሐፊው የንጹሕ ጥራት ድል አድርገው የሚያቀርቡት ታሪክ ራሱ፣ ቀረብ ብለው ሲያዩት፣ ጥራት ከተከፈተ በር ጋር ሲገናኝ ምን እንደሚሆን የሚናገር ታሪክ ነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገሮች ተለውጠዋል። ያኔ በሮቹ ብዙ ነበሩ፤ ባለቤቶቻቸውም ብዙ። ማንም ሁሉንም ሊገዛቸው አይችልም ነበር። ሁለተኛው የሥራው ግዝፈት ነው። ፔጅና ብሪን በ1998 ባሳተሙት የምርምር ጽሑፍ የገለጹት ማውጫ 24 ሚሊዮን ያህል ገጾችን የያዘ ነበር። ሁለት ተማሪዎች በዩኒቨርሲቲ ክፍል ውስጥ በሰበሰቡት ኮምፒውተር ሊሸከሙት ችለዋል። ጉግል በአሜሪካ በተከሰሰበት ችሎት ላይ እንደ ተገለጸው፣ የኩባንያው ማውጫ በ2020 ወደ 400 ቢሊዮን ሰነዶች ደርሶ ነበር። የዛሬዎቹ ሁለት ተማሪዎች የፔጅንና የብሪንን መንገድ ተከትለው ይነሡ ማለት ቀላል ነው። መንገዱ ግን ዛሬ የለም።

«አንዲት ጠቅታ»

የጸሐፊው ዋና ምሰሶ ይህ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልየው።

መጀመሪያ ጠቅታዋን ራሷን እንመልከታት። በአይፎን ላይ የአፕል ብራውዘር ሳፋሪ የሚጠቀምበትን የፍለጋ ሞተር ለመቀየር የሚፈልግ ሰው ወደ ስልኩ ማስተካከያ ይገባል። የመተግበሪያዎቹን ዝርዝር ከፍቶ ሳፋሪን ይፈልጋል፤ ወደ ታች እየወረደ «የፍለጋ ሞተር» የሚለውን ያገኛል፤ ከዚያ ይመርጣል። የሚመርጠውም አፕል አስቀድሞ ከወሰነለት አጭር ዝርዝር ነው፤ ትናንት የተቋቋመ አዲስ የፍለጋ ሞተር እዚያ ውስጥ የለም፣ ተጠቃሚውም በዚያ ቦታ ሊጨምረው አይችልም። ከአውሮፓ ውጭ በሚሸጡ ብዙ የአንድሮይድ ስልኮች መነሻ ገጽ ላይ ደግሞ የጉግል መፈለጊያ ሳጥን ተቀምጦ ይመጣል። ሳጥኑን ማንሣት ይቻላል፤ ሳጥኑ ባለበት ሆኖ በሌላ ሞተር እንዲፈልግ ማዘዝ ግን አይቻልም። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ ሰውየው መቀየር የሚባል ነገር መኖሩን ማወቅ አለበት። አብዛኛው ሰው ስልኩን ሲከፍት የሚያየው አንድ ባዶ ሳጥን ነው፤ ይጽፋል፣ መልስ ያገኛል፣ ይሄዳል። ከሳጥኑ ጀርባ ማን እንዳለ የሚጠይቅበት ምክንያት የለውም። ይህን የምለው ተጠቃሚን ለመውቀስ አይደለም። ሁላችንም በብዙ ነገር ላይ እንዲህ ነን።

ቀጥሎ ቁጥሮቹ ይናገሩ። የአሜሪካ የፍትሕ ሚኒስቴርና በርካታ ግዛቶች በ2020 በጉግል ላይ ክስ መሠረቱ። ዳኛ አሚት ሜታ ክሱን መርምረው በኦገስት 5 ቀን 2024 ጉግል በፍለጋ ገበያ ሞኖፖሊ መሆኑንና ይህንኑ ሞኖፖሊ በሕገ ወጥ መንገድ እንደ ጠበቀ ወሰኑ። በፍርዱ ውስጥ በአሜሪካ ከሚደረጉት ፍለጋዎች ግማሽ ያህሉ ጉግል ገንዘብ ከፍሎ ነባሪ (ማለትም ቀድሞ የተቀመጠ ምርጫ) በሆነባቸው መግቢያዎች በኩል እንደሚያልፉ ተመዝግቧል። 20 በመቶ የሚሆነው ደግሞ ሰዎች ራሳቸው ባወረዱት የጉግል ብራውዘር በክሮም በኩል ያልፋል። በ2020 ጉግል በአሜሪካ የነበረው ድርሻ ከሁሉም መሣሪያዎች ሲደመር 89.2 በመቶ፣ በሞባይል ብቻ ሲታይ 94.9 በመቶ ነበር።

ነባሪ መሆን ለውጥ አያመጣም ከተባለ፣ ጉግል በ2021 ለእነዚህ ውሎች 26.3 ቢሊዮን ዶላር ለምን ከፈለ? ለአፕል ብቻ በ2022 የሄደው 20 ቢሊዮን ዶላር ነው። በሳፋሪ በኩል ከሚደረግ ፍለጋ ከሚገኘው የማስታወቂያ ገቢ 36 በመቶው ለአፕል እንደሚሰጥ በችሎቱ ላይ በጉግል በኩል የቀረበ ባለሙያ ምስክር ተናግሯል። ገንዘብ አያያዙን በሚያውቅ ኩባንያ ዘንድ እንዲህ ያለ ወጪ ለማይጠቅም ነገር አይወጣም። ጸሐፊው ይህን ቁጥር በጽሑፋቸው አንድም ቦታ አላነሡም። ሊያነሡት ይገባ ነበር፤ ከራሳቸው መደምደሚያ ጋር በቀጥታ የሚጋጨው ማስረጃ እርሱ ነውና።

ጸሐፊው በዚህ ነጥብ ላይ ሁለት ማስረጃ አቅርበዋል፤ ሁለቱም በቁም ነገር መመለስ ያለባቸው ናቸው። አንደኛው የሞዚላ ብራውዘር የፋየርፎክስ ነው። ሞዚላ በ2014 በአሜሪካ የብራውዘሩን ነባሪ የፍለጋ ሞተር ከጉግል ወደ ያሁ ቀየረ፤ ብዙ ተጠቃሚዎች ተመልሰው ጉግልን መረጡ፤ በ2017 ሞዚላ ራሱ ወደ ጉግል ተመለሰ። እውነት ነው፣ ሆኗል። ግን ሙሉውን እናንብበው። የኢንተርኔት አጠቃቀምን የሚለካው ስታትካውንተር እንደ መዘገበው፣ ለውጡ በተደረገ በአንድ ወር ውስጥ የያሁ የአሜሪካ ድርሻ ከ8.6 ወደ 10.4 በመቶ አድጓል፤ ለያሁ ከ2009 ወዲህ ያልታየ ከፍታ ነበር። ይህን ያደረገው አንድ ብራውዘር ብቻ ነው፤ ያውም ተጠቃሚዎቹ ከሌላው ይልቅ ማስተካከያ መነካካት የሚወዱ፣ በኮምፒውተር ላይ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። የያሁ ፍለጋ ያኔ በጥራት ወደ ኋላ ቀርቶ እንኳ ነባሪ መሆን ብቻውን ይህን ያህል ካነሣው፣ ምሳሌው የሚያግዘው ጸሐፊውን አይደለም።

ሁለተኛው ማስረጃቸው በ2021 የጉግል ጠበቃ በአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት የተናገሩት ነው፤ በማይክሮሶፍት የፍለጋ ሞተር በቢንግ ላይ ከሁሉ ይበልጥ የሚፈለገው ቃል «ጉግል» ነው። ይህም እውነት ነው። ጉግልን አጥብቀው የሚፈልጉ ብዙ ሰዎች እንዳሉ ያሳያል፤ ይህን የካደ የለም። ከዚሁ ጎን ለጎን ግን በአሜሪካው ፍርድ የተመዘገበውን እናስቀምጥ። ቢንግ ነባሪ በሆነበት በማይክሮሶፍቱ ብራውዘር በኤጅ ላይ 80 በመቶ የሚሆነው ፍለጋ በቢንግ ይካሄዳል። በመላው ገበያ ከአሥር አንድ እንኳ የማያገኝ ሞተር፣ ነባሪ በሆነበት ቦታ ከአምስት አራቱን ይወስዳል። በሁለቱ ቦታዎች መካከል የቢንግ ጥራት አልተለወጠም። የተለወጠው በሩ ነው። በእርግጥ ኤጅን ከመጀመሪያው የመረጡት ሰዎች ለማይክሮሶፍት ቀረብ ያሉ ሊሆኑ ይችላሉ፤ ይህ ግን ልዩነቱን ሁሉ ሊሸፍን አይችልም።

ጸሐፊው ያላነሡት ሦስተኛ ምሳሌም አለ። በሩሲያ የፍለጋ ሞተሩ ያንዴክስ ባቀረበው አቤቱታ የተነሣ ጉግል በ2017 ከአገሪቱ የፀረ ሞኖፖሊ ባለሥልጣን ጋር ስምምነት አደረገ። የአንድሮይድ ስልክ ተጠቃሚዎች የፍለጋ ሞተራቸውን ራሳቸው የሚመርጡበት መስኮት ቀረበላቸው። ከዚያ በኋላ ያንዴክስ በአንድሮይድ ላይ የነበረው ድርሻ በግልጽ አደገ። በአውሮፓ የመጣው ተመሳሳይ ለውጥ ግን ጥቂት ነው፤ ይህንንም መደበቅ አልፈልግም። መስኮቱ በ2020 ሲጀመር በዝርዝሩ ውስጥ መግባት በጨረታ የሚገኝ ነበር፤ ትንንሾቹ ኩባንያዎች ለመታየት መክፈል ነበረባቸው። ጨረታው የቀረው በ2021 ነው። መስኮቱም የሚታየው አዲስ ስልክ ለገዛ ሰው፣ ያውም አንዴ ብቻ ነበር። የምርጫ መስኮት የሚሠራው ሰዎች የሚያውቁት ጠንካራ አማራጭ ሲኖር ነው፤ ሩሲያ ውስጥ ነበረ። እንዲህ ያለ አማራጭ በሌሎች ቦታዎች ያልኖረው ለምንድን ነው? ወደሚቀጥለው ጉዳይ የሚወስደን ይህ ጥያቄ ነው።

ጥራት ከየት ይመጣል?

ጸሐፊው «ጥራት» ሲሉ ከመሐንዲሶች ጭንቅላት የሚወጣ ነገር አድርገው ያዩታል። ከፊሉ እንዲያ ነው። የቀረው ግን ከእኛ የሚመጣ ነው፤ እንዴት እንደሚመጣም በአንድ ምሳሌ ላሳይ።

አንዲት ሴት «ደረጃ ስወርድ ጉልበቴን ያመኛል ስወጣ ግን አያመኝም» ብላ ጻፈች እንበል። የመጀመሪያውን ውጤት ከፈተች፤ መድኃኒት የሚሸጥ ገጽ ሆኖ አገኘችው፤ ወዲያው ተመለሰች። ሁለተኛውን ዘለለችው። ሦስተኛው የአንድ ሆስፒታል ማብራሪያ ነበር፤ እዚያ ቆየች፣ ተመልሳም አልመጣችም። ሴትዮዋ ለማንም ምንም አላለችም። ሞተሩ ግን ሦስት ነገር ተምሯል፦ የመጀመሪያው ገጽ ለዚህ ጥያቄ አይሆንም፤ የሁለተኛው ርእስ አይስብም፤ ሦስተኛው መልስ ነው። ነገ ሌላ ሰው ያንኑ በሌላ አነጋገር ሲጠይቅ ሦስተኛው ከፍ ብሎ ይመጣል። ጉግል ለዚህ ሥራ ናቭቡስት የሚባል ሥርዓት እንዳለው፣ ሥርዓቱም የ13 ወራት የጠቅታ መረጃ እንደሚጠቀም የኩባንያው የፍለጋ ኃላፊ በችሎቱ ላይ መስክረዋል።

ብዙ ሰው በየቀኑ የሚጠይቀውን ጥያቄ ማንኛውም ሞተር በቀላሉ ይመልሳል። የአየር ሁኔታን ወይም የታዋቂ ሰው ስም ስንፈልግ በጉግልና በቢንግ መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አናይም። ልዩነቱ የሚገለጠው አልፎ አልፎ ብቻ የሚጠየቀው ላይ ነው፤ ብርቅ በሽታ፣ የአሮጌ ማሽን መለዋወጫ፣ ጥቂት ጽሑፍ ባለው ቋንቋ የተጻፈ ጥያቄ። በፍርዱ የተጠቀሰ አንድ ትንተና በጉግልና በቢንግ ላይ የተጻፉ 3.7 ሚሊዮን የተለያዩ የፍለጋ ሐረጎችን አነጻጽሯል። ከእነዚህ ውስጥ 93 በመቶውን ያየው ጉግል ብቻ ነው፤ ቢንግ ብቻውን ያየው 4.8 በመቶ። ቢንግ እነዚያን ጥያቄዎች ጨርሶ አያውቃቸውም። ያልተጠየቀውን እንዴት ተምሮ ይመልስ? ጉግል በየቀኑ የሚቀበለው ጥያቄ የተፎካካሪዎቹ ሁሉ ድምር ዘጠኝ እጥፍ ነው፤ በሞባይል 19 እጥፍ። ጉግል በ13 ወራት የሚሰበስበውን ያህል መረጃ ለማግኘት ቢንግ ከ17 ዓመት በላይ ያስፈልገዋል።

ይህን ያነበበ ሰው ማይክሮሶፍትን የሚያህል ኩባንያ ለምን እዚያው እንደ ቆመ ይገባዋል። ማይክሮሶፍት በ20 ዓመት ውስጥ ወደ 100 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ገንዘብ በፍለጋ ላይ አፍስሷል። የገንዘብም የመሐንዲስም ችግር አልነበረበትም። ክቡ እንዲህ ነው፦ ብዙ ተጠቃሚ ብዙ መረጃ ይሰጣል፤ ብዙ መረጃ ጥራት ይጨምራል፤ ጥራትና ብዛት የማስታወቂያ ገቢ ያመጣሉ፤ ገቢው ለአፕልና ለስልክ አምራቾች ተከፍሎ በሩን ያስጠብቃል፤ በሩ ደግሞ ተጠቃሚ ያስገባል። ጸሐፊው ክቡን መሐል ላይ ቆርጠው «ጥራት» የተጻፈበትን ክፍል ብቻ አሳዩን።

የኒቫ ታሪክ እዚህ ላይ መነሣት አለበት። የጉግልን የማስታወቂያ ሥራ ለዓመታት የመሩት ስሪዳር ራማስዋሚ ከኩባንያው ወጥተው በ2019 ኒቫን መሠረቱ፤ ማስታወቂያ የሌለው፣ በአባልነት ክፍያ የሚሠራ የፍለጋ ሞተር ነበር። ከእርሳቸው በላይ ይህን ሥራ የሚያውቅ ሰው ማግኘት ከባድ ነው። በሜይ 2023 የፍለጋ አገልግሎቱን መዝጋታቸውን ሲያስታውቁ የሰጡት ምክንያት ልብ ይነካል። አንዴ የሞከረውን ሰው እንዲከፍል ማሳመን ሰዎችን መጀመሪያውኑ እንዲሞክሩ ከማሳመን ይልቅ ቀላል ሆኖ እንዳገኙት ጻፉ። የሰው ኪስ ውስጥ መግባት ከበሩ ይልቅ ቀለለ ማለት ነው።

ጸሐፊው የአማራጮችን ብዛት ለማሳየት ዳክዳክጎን፣ ኢኮዚያንና ያሁን ይደረድራሉ። ስሞቹ ብዙ ናቸው፤ ነገር ግን ሦስቱም ለዓመታት ውጤታቸውን በአብዛኛው ሲያገኙ የቆዩት ከቢንግ ነው። በሜይ 23 ቀን 2024 የቢንግ አገልግሎት ለሰዓታት ሲቋረጥ ዳክዳክጎና ኢኮዚያም አብረው ቆሙ። በ2025 ደግሞ ማይክሮሶፍት ለትንንሽ ኩባንያዎች የፍለጋ ውጤት ይሸጥበት የነበረውን አገልግሎት ዘጋው። ሰፊ የሆነ የራሱ ማውጫ ያለው ሞተር በምዕራቡ ዓለም በጣት የሚቆጠር ነው። ብሬቭ የራሱን ገንብቷል፤ የብሪታንያው ሞጂክ ለዓመታት በትንሽ አቅም ሲታገል ቆይቷል፤ ኢኮዚያና የፈረንሳዩ ክዋንት በ2024 የጋራ የአውሮፓ ማውጫ ለመሥራት ተስማምተዋል። እነዚህን ሰዎች አከብራቸዋለሁ። የገበያው ጤንነት ምስክር አድርጎ ማቅረብ ግን የሚታገሉትን ትግል ማቃለል ነው።

ነጻ ስለ ሆነ የተጎዳ የለም?

ይህ የጽሑፉ ደካማው ክፍል ነው። ተጠቃሚው ገንዘብ ባይከፍልም አስተዋዋቂው ይከፍላል፤ የሚከፍለውንም በሚሸጠው ዕቃ ዋጋ ላይ ይጨምረዋል። ጉግል በጽሑፍ ማስታወቂያ ዋጋ ላይ ተፎካካሪን ሳይፈራ ጭማሪ ማድረግ ይችል እንደ ነበር ፍርዱ አረጋግጧል። ከዚህ የሚከብደው ሌላው ነው። ኩባንያው በ2020 ባካሄደው የውስጥ ጥናት፣ የፍለጋውን ጥራት በጉልህ ዝቅ ቢያደርግ እንኳ ከፍለጋ የሚያገኘው ገቢ እንደማይቀንስ አይቷል። ጥራቱ ሲወርድ ደንበኛ የማይሸሽበት ገበያ በምን መለኪያ ነው ፉክክር ያለበት የሚባለው?

ፔጅና ብሪን ራሳቸው በ1998ቱ ጽሑፋቸው ማብቂያ ላይ፣ በማስታወቂያ የሚተዳደር የፍለጋ ሞተር ከፈላጊው ይልቅ ወደ አስተዋዋቂው ማዘንበሉ እንደማይቀር አስጠንቅቀው ነበር። ማስጠንቀቂያው ትክክል ነበር። ዛሬ ዕቃ የሚሸጥበትን ነገር የፈለገ ሰው እውነተኛውን የመጀመሪያ ውጤት ለማግኘት በማስታወቂያ ላይ ማለፍ አለበት።

ሰው ሠራሽ አስተውሎትስ?

እዚህ ላይ ጸሐፊው የሚደመጥ ነገር አላቸው። ቻትጂፒቲ በኖቬምበር 2022 ከወጣ ወዲህ ብዙ ሰዎች ጥያቄያቸውን ወደ ፍለጋ ሞተር ሳይሆን ወደ ውይይት መስኮት እየወሰዱ ነው። የአፕል ከፍተኛ ኃላፊ ኤዲ ኪው በሜይ 2025 በችሎት ሲመሰክሩ፣ በሳፋሪ የሚደረገው ፍለጋ ባለፈው ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ቀነሰ ብለዋል፤ በዚያው ቀን የጉግል እናት ኩባንያ የአልፋቤት አክሲዮን ከ7 በመቶ በላይ ወረደ። እንደ ስታትካውንተር አኃዝ በ2024 የመጨረሻ ወራት የጉግል የዓለም ድርሻ ከ90 በመቶ በታች ሆኗል፤ ከ2015 ወዲህ ያልታየ ነገር ነው። እንቅስቃሴ አለ።

ነገር ግን «ጨዋታው ተቀይሯል» ከማለታችን በፊት የቢንግን ነገር እናስታውስ። ማይክሮሶፍት በፌብሩዋሪ 2023 በሰው ሠራሽ አስተውሎት የታገዘውን ቢንግ ሲያስተዋውቅ ዓለም ሁሉ ተነጋግሮበት ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ የቢንግ የዓለም ድርሻ 3.4 በመቶ ነበር፤ ጭማሪው አንድ የመቶኛ ነጥብ እንኳ አልሞላም። ጉግል በጥቂት ወራት ውስጥ የራሱን ምርት አዘጋጀ፤ በሜይ 2024 ደግሞ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተዘጋጀ መልስ በፍለጋ ውጤቱ አናት ላይ ማሳየት ጀመረ። በሩ በእጁ ስለ ሆነ አዲሱ ነገር በአንድ ሌሊት በሚሊዮኖች ፊት ቀረበ።

ቻትጂፒቲም ቢሆን የዛሬን ወሬ ለመመለስ የሚያስሰው ማውጫ ያስፈልገዋል። ቻትጂፒቲን የሠራው የኦፕንኤአይ አንድ ኃላፊ በኤፕሪል 2025 እንደ መሰከሩት፣ ኩባንያቸው በ2024 የጉግልን የፍለጋ ውጤት ለመጠቀም ጠይቆ ነበር፤ ጉግል አልተቀበለም። ፍለጋን ያረጀ ቴክኖሎጂ ያደርገዋል የተባለው ኩባንያ የፍለጋውን ማውጫ ለምኖ ከተከለከለ፣ አሮጌው ገበያ አዲሱን ገና እንደ ያዘው ነው የሚያሳየው።

ስለ ቻይና፣ ሩሲያና ደቡብ ኮሪያ የተነሣውን በአጭሩ ልመልስ። ጉግል በ2010 ከዋናው ቻይና የፍለጋ ገበያ ወጥቷል፤ የአገሩ ሞተር ባይዱ የሚገዛበት ገበያ ተፎካካሪው የሌለበት ገበያ ነው። የኮሪያው ናቨር ጠቃሚ ምሳሌ ነው። በ2002 ተጠቃሚዎች እርስ በርስ የሚጠያየቁበትን አገልግሎት ከፍቶ፣ በቋንቋው በቂ ድረ ገጽ ባልነበረበት ጊዜ መረጃውን ራሱ አስጻፈ፤ ሌላው የማያየው ጥሬ ዕቃ በእጁ ገባ። የቼኩ ሴዝናም ግን በአገሩ መሪ ነበር፤ ሰዎች ከኮምፒውተር ወደ አንድሮይድ ስልክ ሲሸጋገሩ መሪነቱን አጣ። የሞተሩ ችሎታ አልወረደም፤ በሩ ወደ ሌላ እጅ ዞረ።

ፍርድ ቤቶች እጃቸውን ይሰብስቡ?

ዳኛ ሜታ በሴፕቴምበር 2025 የእርምት ውሳኔያቸውን ሲሰጡ ክሮም ይሸጥ የሚለውን ጥያቄ ውድቅ አድርገዋል፤ የሰው ሠራሽ አስተውሎት መምጣትንም ከግምት አስገብተዋል። ጸሐፊው ይህን ለአቋማቸው ድጋፍ አድርገው ጠቅሰውታል። የቀረውን ግን አልጠቀሱም። ውሳኔው ተፎካካሪን የሚያገልሉ ውሎችን ይከለክላል፤ ጉግል ከማውጫውና ከተጠቃሚዎች እንቅስቃሴ የሚገኝ የተወሰነ መረጃ መስፈርቱን ለሚያሟሉ ተፎካካሪዎች እንዲያካፍል ያስገድዳል፤ አፈጻጸሙን የሚከታተል የቴክኒክ ኮሚቴም ያቋቁማል። ዳኛው ጉግል ሕጋዊ ፉክክርን አይፈራም ብለው ቢያምኑ ኖሮ መረጃውን አካፍል አይሉትም ነበር።

እኔ ውሳኔው አጥጋቢ ነው አልልም። ጉግል ለነባሪነት መክፈሉን እንዲቀጥል ፈቅዷል፤ ክፍያው በድንገት ቢቆም እንደ ሞዚላ ያሉት፣ ገቢያቸው በአብዛኛው ከዚያ የሚመጣ፣ ይጎዳሉ በሚል ነው። ስጋቱ ይገባኛል። ሆኖም ክቡን የሚያዞረው ገንዘቡ ነውና ውል ብቸኛ መሆኑ ቢቀርም ከጉግል ጋር በክፍያ ሊወዳደር የሚችል አይታየኝም። ስለዚህ ተስፋዬን ያኖርኩት በመረጃው መካፈል ላይ ነው። ምን ያህሉ መረጃ፣ በምን ያህል ጊዜ፣ የተጠቃሚውን ምስጢር በምን ዘዴ ጠብቆ፣ ለእነማን እንደሚሰጥ ዝርዝሩ ላይ ይወሰናል። አልፎ አልፎ የሚጠየቁት ጥያቄዎች ለምስጢር ጥበቃ ሲባል ተጣርተው ከወጡ ለተፎካካሪዎች የሚደርሳቸው እነርሱም ያላቸው ተራ ጥያቄ ብቻ ይሆናል፤ 93 በመቶው እዚያው ይቀራል። ጸሐፊው በሚቀጥለው ጽሑፋቸው ይህን ቢመረምሩልን በጉጉት አነባለሁ።